የዕለቱ ሸምበቆ

«ማሳጠር የሚወድ አንድ ጸሐፊ ነበረ» አሉ ጋሽ ይርጋ።

ኤልዳና ስለ ጸሐፊ አልጠየቀቻቸውም። የጠየቀቻቸው ስለ ለቃሚ ነው። ለቃሚ ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን የሠራችው ትንሽ የኮምፒውተር መሣሪያ ሲሆን ስሙን ያወጣችለት ከምስር ለቀማ ወስዳ ነው። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች አንድን ነገር ያሰሉና ለውጤቱ ስም ይሰጡታል፤ ከዚያ በኋላ ስሌቱን ሳይደግሙ በስሙ ብቻ ይጠሩታል። ስም ሲበዛ ግን ጽሑፉ ይጨናነቃል። አንባቢው «ይሄ ደግሞ ምን ነበር?» እያለ ወደ ኋላ ሲመላለስ ይውላል። ለቃሚ እንዲህ ያለውን ስም ፈልጎ ያገኝና፣ ስሙ በተጠራበት ቦታ ሁሉ ስሌቱን ራሱን አስገብቶ ስሙን ያጠፋዋል።

የመሥሪያ ቤታቸው ትልቁ ፕሮግራም በየቀኑ ከአንድ መጋዘን ለአምስት ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የሚያከፋፍል ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፉት ጋሽ ይርጋ ናቸው። ለቃሚ በውስጡ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሊነሡ የሚችሉ ስሞች አግኝቷል፤ የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። ኤልዳና ቁልፉን ሳትጫን ተነሥታ ጋሽ ይርጋ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«ጋሽ ይርጋ፣ ሁሉንም በአንዴ ላንሣቸው?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም በጭንቅ ነበር የሚሰማት። «ምንም አይለወጥም። ስሙና ስሌቱ ያው አንድ ናቸው።»

ጋሽ ይርጋ መነጽራቸውን አወለቁና ወንበር ሳቡላት። ፕሮግራም መጻፍ ሳይጀምሩ በፊት ለብዙ ዓመታት የሂሳብ መምህር ነበሩ፤ አዎን ወይም አይደለም ብለው መመለስ ያኔም አይሆንላቸውም ነበር ይባላል።

«ደህና አድርገሽ ተቀመጪ ኤልዱ» አለ ከጎን ያለው ባልደረባዋ ምንተስኖት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። «ጸሐፊ ካለበት ረጅም ነው።»

«አንተም ብትሰማው አይጎዳህም» አሉት ጋሽ ይርጋና ቀጠሉ።

ማሳጠር የሚወድ አንድ ጸሐፊ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሰው ሲቸገር ማየት የማይችል ሰው ነበረ፤ ማሳጠር የወደደውም ለዚያ ነው። ረጅም ደብዳቤ ይዘው የመጡ ሰዎች ፊታቸው ላይ ድካም ያያል። ወስዶ ያሳጥርላቸዋል። በአጭሩ ሲያነብላቸው «እንዴ፣ ይህንኑ ነበር እንዴ የሚለው?» ይላሉ፤ እሱም ደስ ይለዋል።

በዚያ አገር አንድ ኩሬ ነበረ። ዙሪያው በድንጋይ ቀጥ ብሎ የተገነባ፣ ከተራራው ሥር በሚፈልቅ ምንጭ ሌሊቱን የሚሞላ ኩሬ ነው። ሲሞላ ጥልቀቱ አሥር ስንዝር ይሆናል። ከኩሬው በታች አምስት ሰዎች መሬት ነበራቸው፤ አንዱ ካንዱ ዝቅ እያለ፣ እንደ ደረጃ። ውሃውንም በዚያው ቅደም ተከተል ይወስዳሉ። የላይኛው ጠዋት ይጀምራል፤ ከሁሉ በታች ያለው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይጨርሳል። አምስተኛው መሬት የአንዲት ሴት ነበር። ባሏ ሞቶ ልጆቿ ርቀው የሄዱ ናቸው። ነጭ ሽንኩርት ትተክላለች፤ የምትኖረውም በእሱ ነው።

ውሃውን የሚያከፋፍል አንድ ሽማግሌ ነበር፤ የውሃ አባት ይሉታል። ጎህ ሲቀድ እየተነሣ፣ ጉልበቱን እየያዘ ወደ ኩሬው ይወርዳል። ረጅም ሸምበቆ አቁሞ ጥልቀቱን ይለካል፤ የእርጥቡን አንድ አምስተኛ በቢላዋ ይቆርጥና ለመጀመሪያው ገበሬ ይሰጠዋል። ገበሬው ኩሬው በዚያች ሸምበቆ ልክ እስኪጎድል ድረስ ውሃውን ወደ መሬቱ ይለቃል፤ ከዚያ ዘግቶ ሸምበቆዋን ለሁለተኛው ያቀብላል። ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ እንዲህ እያለች ሴትዮዋ እጅ ትደርሳለች። እሷ ስትጨርስ ኩሬው እስከ ጭቃው ይደርቃል። ሸምበቆዋን ለምድጃዋ ትወስዳለች፤ ያ የመጨረሻ ባለተራ ወግ ነበር። በማግስቱ ሌላ ይቆረጣል።

ይህ ሁሉ በደብተር የተጻፈ ደንብ ነበረው። ደንቡን የጻፈው ከከተማ የመጣ የድሮ ነገረ ፈጅ ነው፤ ስም መስጠት ይወድ ነበር። «የላይኛው መሬት ባለቤት፣ ከዚህ በኋላ ‹ተጠቃሚ አንድ› እየተባለ የሚጠራው» ይላል። «ውሃ የሚወርድበት ቦይ፣ ከዚህ በኋላ ‹ዋናው ማስተላለፊያ› እየተባለ የሚጠራው» ይላል። አርባ ገጽ ነው። በክርክር ጊዜ አንድ ሰው ሲያነብ ሌላው ወደ ፊተኛው ገጽ እየተመለሰ ማን ማን እንደሆነ ይፈልግለታል።

አንድ ቀን ሰዎቹ ደብተሩን ለጸሐፊው ወሰዱለት። «እባክህ ለሰው አንደበት አድርግልን» አሉት።

ጸሐፊው ተቀመጠና ስሞቹን አንድ በአንድ ያነሣ ጀመር። «ተጠቃሚ አንድ» ባለበት ሁሉ «የላይኛው መሬት ባለቤት» ብሎ ተካ። «ዋናው ማስተላለፊያ» ባለበት «ቦይ» አለ። ትርጉሙ በየቦታው ከገባ በኋላ «ከዚህ በኋላ እየተባለ የሚጠራው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሥራ ስለሌለው ሰረዘው። አርባው ገጽ አሥራ አንድ ሆነ። ለሰዎቹ ሲያነብላቸው የላይኛው ገበሬ ጭኑን እየመታ ሳቀ።

«እኔ ተጠቃሚ አንድ መሆኔን አሥር ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር» አለ። «ሌላ ሰው መስሎኝ ስቀናበት ኖሬአለሁ።»

መርቀውት ሄዱ። ልብ በይ፣ ይህ ሁሉ እውነተኛ ምርቃት ነበር፤ ጸሐፊው በእውነት ጠቅሟቸዋል።

ከተነሡት ስሞች መካከል ግን አንዱ እንዲህ ይል ነበር። «የውሃ አባት ጎህ ሲቀድ የኩሬውን ጥልቀት ለክቶ አንድ አምስተኛውን በሸምበቆ ይቆርጣል፤ ይህም ከዚህ በኋላ ‹የዕለቱ ሸምበቆ› እየተባለ ይጠራል።» ከዚያ በታች አምስት ቦታ ላይ «በዕለቱ ሸምበቆ ልክ ይወስዳል» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው እንደ ሌሎቹ ቆጠረው። አምስቱም ቦታ ላይ «የኩሬውን ጥልቀት ለክቶ አንድ አምስተኛውን ይወስዳል» ብሎ አስገባ፤ የላይኛውን ዓረፍተ ነገር ከነ‹የውሃ አባት›ና ከነ‹ጎህ ሲቀድ› ሰረዘ። ስሙና ትርጉሙ ያው አንድ ናቸው ብሎ ነው።

አዲሱ ደብተር ሲነበብ የውሃ አባትም ተቀምጦ ሰማ። ስሙን ጠበቀ፤ አልተጠራም። ጎህ ሲቀድ የሚል ነገርም አልሰማም። «እንግዲህ እኔን አሳርፈውኛል» አለና ቤቱ ገባ።

በማግስቱ የላይኛው ገበሬ መጣ፤ ኩሬውን ለካ፤ አሥር ስንዝር ነው፤ አንድ አምስተኛውን፣ ሁለት ስንዝር ወሰደ። ሁለተኛው መጣ፤ ደብተሩ ለካ ይላልና እሱም ለካ። ስምንት ስንዝር አገኘ፤ የስምንቱን አንድ አምስተኛ ወሰደ። ሦስተኛውም የተረፈውን ለክቶ ከተረፈው ወሰደ። አራተኛውም እንዲሁ። ሴትዮዋ ስትደርስ ኩሬው ውስጥ አራት ስንዝር ውሃ ነበረ። አንድ አምስተኛውን ወሰደች፤ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ኩሬው ግን አልደረቀም። ከሦስት ስንዝር በላይ ውሃ ተኝቶበት መሸ።

ያን ጊዜ ሰዎቹ ምን ያሉ ይመስልሻል? «በረከት ነው» አሉ። ኩሬው ሲመሽ ውሃ ኖሮት አያውቅም። «ደብተሩ ሲያጥር ውሃው ረዘመ» እያሉ ለጸሐፊው አንድ ቅል ማር ላኩለት። ሌሊት ምንጩ ሲፈስበት የሞላው ኩሬ ከአፉ እየተረፈ ወደ ገደል እንደሚወርድ ያየ የለም፤ ያን ሰዓት የሚነሣው ሽማግሌው ነበር፤ እሱ ደግሞ አርፏል።

ሳምንት ሆነ፤ ሁለት ሳምንት ሆነ። የላይኛው ገበሬ ምንም አልጎደለበትም። ሁለተኛው «ዘንድሮ ፀሐዩ ጠና» አለ። ሦስተኛው ዘር የሸጠለትን ሰው ረገመ። አራተኛው ከበላዩ ያሉትን ሦስቱን በየተራ በዓይኑ ይከታተል ጀመር። የሴትዮዋ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ተጠቀለለ። ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደች።

«አባቴ፣ ውሃው ሳይነካ ያድራል፤ እኔ ደግሞ ይጠማኛል። ከተረፈው ልጨምር?» አለችው።

«ደብተሩ ስንት ይላል?»

«አንድ አምስተኛ።»

«እንግዲያውስ ከዚያ ያለፈ የሰው ነው» አላት። ልቡ እያዘነ ነው የመለሳት። ከአምስተኛ እጅ በላይ የወሰደ ሌባ ነው ብሎ ያስተማረው እሱ ራሱ ነበር።

ሴትዮዋ ከቤቱ ስትወጣ ጎረቤቷን አራተኛውን ገበሬ አገኘችውና «ሽንኩርቶቹ ካልያዙልኝ መሬቱን ሰጥቼ እህቴ ደጅ እገባለሁ» አለችው። እሷ ስታለቅስ አይቷት አያውቅም፤ አሁንም አላለቀሰችም፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ አውጫጭኝ ይጠራልን አለ።

በዚያ አገር ሌባው ሲጠፋ መላው ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያ ነው አውጫጭኝ። ሜዳው ላይ ተቀመጡ። የሚባለውን እንዲጽፍ ጸሐፊውን ጠሩት፤ እሱም ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። አምስቱ በየተራ ማሉ።

የላይኛው ማለ፤ «ለክቼ አንድ አምስተኛ ወሰድኩ።» ጸሐፊው ጻፈ።

ሁለተኛው ማለ፤ «ለክቼ አንድ አምስተኛ ወሰድኩ።» ጻፈ።

«አንተ እንኳን ውሃ፣ የመጥረቢያ እጀታ ተውሰህ ስትመልስ አይተንህ አናውቅም» አለው አራተኛው ከወዲያ።

«እጀታውን መልሼልሃለሁ። ሚስትህን ጠይቃት።»

«ዝም በሉና ማሉ» አሉ ሽማግሌዎቹ። ሦስተኛው ማለ። አራተኛው ማለ። ሴትዮዋም ማለች። ጸሐፊው አምስት ጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ጻፈ። እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል፤ በሐሰት የሚምሉ አይደሉም። የጻፈውን መልሶ አየው። አምስት አንድ አምስተኛ ከተወሰደ ኩሬው ባዶ መሆን ነበረበት። ኩሬው ግን ከበስተጀርባቸው ሰማዩን ይዞ ተኝቷል።

ብዕሩን አስቀመጠና ተነሣ። «እያንዳንዳችሁ ትናንት የወሰዳችሁትን ያህል ሸምበቆ ቁረጡልኝ» አለ።

ሄደው ቆረጡ። ጸሐፊው አምስቱን ተቀብሎ በተራቸው ሣሩ ላይ ጎን ለጎን አስተኛቸው። የመጀመሪያዋ ሁለት ስንዝር ነበረች። ቀጣይዋ አጠረች፤ ሦስተኛዋ ይበልጥ አጠረች፤ አምስተኛዋ ከሴትዮዋ መዳፍ እምብዛም አትበልጥም። ሰዉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ።

ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ በስንዝሩ ለካቸው። ከዚያ ቀና ብሎ «ሌባው ተገኝቷል» አለ። «እኔ ነኝ። አንዲት የጠዋት ሸምበቆ ነበረቻችሁ፤ እሷን አምስት ቦታ ቆራርጬ ዘራኋት። ስሙና ትርጉሙ አንድ ናቸው ብዬ ነበር። ኩሬው በየተራው መሀል እንደሚጎድል አላሰብኩም።»

«ይህን ሁሉ ቀን አንተስ ለምን ዝም አልክ?» አሉት ሽማግሌዎቹ የውሃ አባትን።

«የተጻፈ ነገር ከእኔ የበለጠ ያውቃል ብዬ ነው» አለ ሽማግሌው።

ያን ቀን ጸሐፊውን የቀጣው የለም። እሱ ግን ራሱ ላይ ፈረደ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የሽማግሌውን ደጅ አንኳኩቶ ክንዱን ይዞ ወደ ኩሬው አወረደው። ሽማግሌው ለካ፤ ጸሐፊው ቆረጠ፤ ሸምበቆዋን ራሱ ይዞ ከላይኛው መሬት እስከ ታችኛው ቀኑን ሙሉ አብሯት ወረደ። ሲመሽ ሴትዮዋ ሁለት ስንዝር ሙሉ አገኘች፤ ኩሬው እስከ ጭቃው ደረቀ፤ እንቁራሪቶቹም እንደ ድሮው ተቆጡ። ደብተሩ ላይ ያችን ስም በቦታዋ መለሳት። ሌሎቹን ስሞች አልመለሰም። ደብተሩ አሥራ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ።

ጋሽ ይርጋ ተረታቸውን ጨረሱ። ምንተስኖት ወንበሩን ወደ እነሱ አዙሮ ተቀምጦ ነበር፤ መቼ እንዳዞረው ማንም አላየም።

ኤልዳና ጣቶቿን አጣምራ ጠረጴዛውን ታያለች። ፊቷ ቀልቷል። «ሽንኩርቱስ?» አለች በመጨረሻ።

«ግማሹ ተረፈ።»

«ግማሹ ብቻ?»

«ዘግይቶ የመጣ ውሃ ነው፤ የሞተውን አያስነሣም። ግን ለዘር በቃት። በሚቀጥለው ዓመት ለጸሐፊው አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርት ወሰደችለት፤ እሱም በሩ ላይ ሰቀለው፤ አልበላውም ይባላል።» ጋሽ ይርጋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አሁን ወደኛ ልምጣ። ያንቺ ለቃሚ ያ ጸሐፊ ነው። እኔ ደግሞ ያ ነገረ ፈጅ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‹ተጠቃሚ አንድ› እያልኩ ያጨናነቅኩት እኔ ነኝ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም ማግኘቱ ለእኔ ስድብ ነው፤ ይገባኛልም። አብዛኞቹን ያንሣልኝ፤ እመርቀዋለሁ።»

«ጋሽ ይርጋ፣ እኔ እንደዚያ ማለቴ…»

«አውቃለሁ። ስሚኝ። የኛ ኩሬ መጋዘኑ ነው። ከነዚያ ስሞች አንዱ ‹የጠዋት ክምችት› ይባላል። ፕሮግራሙ ጠዋት መጋዘን ውስጥ ያለውን አንዴ ያነብባል፤ በዚያ ስም ይይዘዋል፤ አምስቱም ጤና ጣቢያዎች ከእሱ እኩል ይካፈላሉ። ለቃሚ ያንን ስም ቢያነሣው፣ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ተራ መጋዘኑን እንደ አዲስ ያነብባል። የተረፈውን ይለካል፤ ከተረፈው ይሰጣል። የሚከስስሽ የስህተት መልእክት አይመጣም። ማታ መጋዘኑ ውስጥ መድኃኒት ተርፎ ሲታይ ‹በረከት ነው› የሚሉ ይኖራሉ። በዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ኤልዳና ታውቃለች። ከወንዙ ማዶ ያለው ነው፤ ክረምት ሲገባ መንገዱ የሚቋረጠው፤ ሰዎች ሕፃን ታቅፈው የሦስት ሰዓት መንገድ በእግር የሚመጡበት።

«እኔ ያንን ቁልፍ ልጫነው ነበር» አለች።

«አልተጫንሽውም። ተነሥተሽ መጣሽ፤ ጸሐፊው ያንን አላደረገም» አሉ ጋሽ ይርጋ። «ስለዚህ ለቃሚን አትጣይው። ትጉ ነው፤ አይደክመውም፤ ሰውን ከድካም ለማሳረፍ የተሠራ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስተምሪው። ስም ባገኘ ቁጥር፣ ከማንሣቱ በፊት፣ ስሙ ከተሰጠበት እስከተጠራበት ያለውን መንገድ ወርዶ ይይ። በመሀል ኩሬው የሚጎድል ካልሆነ ያንሣው፤ ማንም አይጎዳም። የሚጎድል ከሆነ ግን እጁን ሰብስቦ አንቺን ይጥራሽ። የጠዋቷን ሸምበቆ አንድ ሰው ከላይ እስከ ታች ይዟት መውረድ አለበት፤ ከታች የምትጠብቅ ሴት አለች።»